የማን ልጅ ነሽ?

ሮካሳልቫ ውስጥ ማንም ሰው ስምህን አይጠይቅህም። የሚጠይቁህ የማን ልጅ እንደሆንክ ነው። መልስ ካለህ ወንበር ይሳብልሃል፤ አያትህ በየትኛው ዓመት ከየትኛው ጎረቤቱ ጋር በአጥር እንደተካሰሰ ሳይቀር ይተረክልሃል። መልስ ከሌለህ እንግዳ ነህ። ለእንግዳ ደግሞ እኛ አለንልህ፤ ሆቴል ቶሬ፣ አደባባዩ ላይ፣ ዘጠኝ ክፍል፣ የስድስቱ መስኮት ወደ ሸለቆው።

ኖርማ እባላለሁ። የሆቴሉ ባለቤት ባሌ ኦሬስቴ ነው ይባላል፤ ይባል እንጂ እውነተኛዋ ባለቤት አማቴ አርጂያ ናት። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። ከቁልፍ መስቀያው ሥር፣ ማሞቂያው አጠገብ ካርታዋን ዘርግታ ብቻዋን ትጫወታለች፣ ራሷን ታጭበረብራለች፣ ስትሸነፍ ደግሞ እኔን ትቆጣለች። የከተማው የልደት መዝገብ ቢቃጠል ማዘጋጃ ቤቱ እሷን አስቀምጦ እንደገና ማስጻፍ ይችላል። ማን ከማን ተወለደ እንደተባለ፣ በእውነት ደግሞ ከማን እንደተወለደ፣ ሁሉንም ታውቃለች። ከአንድ ልጅ በስተቀር።

ሴትዮዋ የመጣችው አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። የኦክቶበር መጨረሻ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ወይራ ለቀማ ወርዶ አደባባዩ ጭር ብሏል። መኪና እዚህ ድረስ ስለማይገባ ከታችኛው በር ጀምራ ሻንጣዋን በድንጋዩ መንገድ እየጎተተች ወጥታለች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ፀጉሯ በጉም ርሶ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል።

«እንኳን ደህና መጡ። መታወቂያዎን ይስጡኝ» አልኳት።

የእያንዳንዱ እንግዳ መታወቂያ በዚያው ቀን ተገልብጦ ለፖሊስ መላክ አለበት፤ ሕግ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ስገለብጥ አንድ ልማድ አመጣሁ፤ የትውልድ ቦታውን ጮክ ብዬ አነባለሁ። እንግዳው ደስ ይለዋል፣ ወሬ ይከፈታል፣ አርጂያም ካርታዋን ትታ ትሰማለች። ይህች አፌ ግን አንድ ቀን ጉድ እንደምትሠራኝ ማወቅ ነበረብኝ።

«ውይ! ሮካሳልቫ!» አልኩ። «የእኛው ልጅ ነዎት እንዴ? የማን ልጅ ነዎት?»

የማዋለጃ ክፍላችን ከተዘጋ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እዚህ የተወለደ ሰው ብርቅ ሆኗል። ደስ ብሎኝ ነው የጮህኩት። ከዚያ ዓይኔ ከቦታው ቀጥሎ ወዳለው ቀን ሄደ። ኖቬምበር 3፣ 1983።

በዚያ ቀን፣ ንጋት ላይ፣ ከዚህ መስኮት በሚታየው ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበር የተወለደችው። አዋላጇ ናት የነገረችኝ። የወለድኳት እኔ ነኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እናቴ ከሸለቆው ማዶ ካለችው መንደራችን አምጥታ ሴት መነኮሳቱ ዘንድ አራት ወር ደብቃኝ ነበር። ሕጉ እናት ስሟን ሳትሰጥ እንድትወልድ ይፈቅዳል። ስሜን አልሰጠሁም። አላቀፍኳትምም፤ ካቀፍኩ አልሄድም ብዬ ነው።

«ምን አለች? የማን ልጅ ነኝ አለች?» አለች አርጂያ ከወንበሯ። ካርታው ከእጇ ወርዷል።

«እሱን ለማወቅ ነው የመጣሁት፣ እማማ» አለች ሴትዮዋ።

ስሟ ቪቪያና ነው። እዚያው ቆማ፣ ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ ነገረችን። ሜዳው አገር ያሉ ደግ ሰዎች አሳድገዋታል፤ ሁለቱም ሞተዋል። የዛሬ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት አመልክታ እናቷ በምስጢር ተፈልጋ ተጠይቃ ነበር።

«አልፈልግም ብላ ፈረመች። መብቷ ነው» አለች። «አሁን እሷን ፍለጋ አይደለም የመጣሁት። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ዐሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጅ አለኝ፣ ዳርዮ። ባለፈው ወር ኳስ ሲጫወት ወደቀ። ተነሥቶ ስቆብናል፣ ግን ልቡን ሲያዩት ሐኪሞቹ አልተስማሙም። ምርመራው አይለይም አሉ። በእናትሽ ወገን በልጅነቱ ድንገት የሞተ ሰው አለ ወይ ነው የሚሉኝ። ካለ አንድ እርምጃ እንዳይሮጥ። ከሌለ ቀላል ነገር ነው፣ ይጫወት። እኔ ምን ብዬ ልመልስ?»

እጄ ላይ ያለው መታወቂያ ከበደኝ። ወንድሜ ኤቶሬ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የመንደራችን በዓል ዕለት፣ የቅዱሱን ሻማ ተሸክሞ ዳገቱን ሲሮጥ ነው የወደቀው። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ እንኳ አልጠፋም ነበር። አባቴ በአርባ አንድ ዓመቱ ድርቆሽ ሲቆልል ቀረ፤ ፀሐይ መታው አሉ። ከዚያች ሴት ፊት ቆሜ መልሱ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር።

«ክፍል ስድስት» አልኳት። «ቁርስ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው።»

እንዲህ ነው ያልኳት። ዛሬም ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያሰኘኛል።

ለምን ዝም እንዳልኩ ልናገር። አርጂያ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ «ደረቋ በለስ» ስትለኝ ኖራለች። ለቄሱ፣ ለፀጉር ሠሪዋ፣ ለእንግዶች ሁሉ። ልጄን ያለ ዘር አስቀረችው ትላለች። ደረቋ እኔ እንዳልሆንኩ እኔ አውቃለሁ። ኦሬስቴ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስለው እሺ እያለ ዓመቱን ያሳልፈው ነበር፤ ሲጨንቀው ሳይ እኔም ተውኩት። ሮካሳልቫ ውስጥ «እኔ ወልጃለሁ» ማለት «ባሌ ነው የማይወልደው» ብሎ ከሰገነት ላይ መጮህ ነው። ኦሬስቴ ክፉ ሰው ቢሆን ድሮ እጮኸው ነበር። ግን ጠዋት እግሬ እንዳይበርደው ጫማዬን ማሞቂያው ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ፍርድ ቤት የጠሩኝ ጊዜም የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አለኝ ብዬው ሄጄ፣ አልፈልግም ብዬ ፈርሜ፣ ጉንጬን ይዤ ተመለስኩ። እሱ ሾርባ ሠርቶ ጠበቀኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ለቪቪያና ቁርስ ሳቀርብ ልነግራት ቆርጬ ነበር። ኮርኔቶዋን፣ ጣፋጩን ዳቦ፣ ጎን ጎኑን እየቀደደች ትበላለች፤ መካከሉን ለመጨረሻ ታስቀምጣለች። እኔም እንደዚያ ነው የምበላው።

«ሲኞራ ቪቪያና፣ አንድ ነገር...»

«ገፋ በይ እስቲ!» አርጂያ ምርኩዟን እያንኳኳች መጥታ ከቪቪያና ጎን ተቀመጠች። ካባዋን ለብሳ፣ ከንፈሯን ሳይቀር ተቀብታለች። «ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። ስሚኝ ልጄ። ሰማንያ ሦስት ነው ያልሽው? በዚያ በጋ ኢልዴ፣ የዘይት መጭመቂያው ባለቤቶች ልጅ፣ ሰፋ ሰፋ ያለ ቀሚስ ትለብስ ነበር። በመጸው አክስቷ ዘንድ ሄደች ተባለ፣ ለገና ሸንቀጥ ብላ መጣች። ያን ጊዜም ለባሌ ነግሬዋለሁ። አላገባችም፣ አልወለደችም። ባለፈው ክረምት ሞተች፣ ነፍስ ይማር። አገጭሽን እስቲ ወደ ብርሃኑ አዙሪው። በይ በይ! ኖርማ፣ ነይ እይ፣ የኢልዴ አገጭ አይደለም?»

«እኔ እንጃ» አልኩ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ከሸለቆ ማዶ መጥተሽ።» ወደ ቪቪያና ዞረች። «ደረቅ በለስ ናት፣ ልጅና አገጭ አይገባትም። ተነሺ እንሂድ።»

ቪቪያና አየችኝ። አዘነችልኝ መሰለኝ። ልጄ፣ አማቴ መካን ብላ ስለሰደበችኝ አዘነችልኝ። ትሪውን ይዤ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።

እኩለ ቀን ላይ ሲመለሱ ሦስት ሆነዋል። የኢልዴ ወንድም ፕሪሞ፣ ሰባ ስድስት ዓመት የሞላው ብቸኛ ሽማግሌ፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ የአዲስ ዘይት ጣሳ ተሸክሞላት መጥቷል። እጁ እስከ ክርኑ አረንጓዴ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«የእህቴ ልጅ» አለኝ፣ እኔ እንግዳ የሆንኩ ይመስል እያስተዋወቀኝ። «እህቴ አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም። እዪው አገጯን!»

እንግዲህ ጉዱ ይኼ ነው። እኛ አገር ሰው ሳይኖረው የመጣን ሰው ባዶውን መመለስ አንችልም። ለአንዱ ካልሰጠነው አያስችለንም። አርጂያ አገጭ አገኘች፣ ፕሪሞ ቤተሰብ አገኘ፣ መጭመቂያው ውስጥ የነበረው ሁሉ አጨበጨበ። ይህን ሁሉ የለኮሰችው የእኔ አፍ ናት። ደግሞ የከፋውን ልናገር፤ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ አልኩ። ለልጄ እናት ተገኘላት፣ እናቷ ሞታለች፣ እኔ ነፃ ወጣሁ አልኩ።

እፎይታዬ ግን ለወይን ብርጭቆ ያህል እንኳ አልቆየም።

«አባቴ በዘጠና ሰባቱ ነው የሞተ» ይላል ፕሪሞ፣ ለቪቪያና ወይን እየቀዳ። «እሱም ከወይራ ዛፍ ወድቆ! አያቴ ዘጠና ሁለት። ኢልዴን የወሰዳት ሳንባዋ ነው፣ ሲጋራዋ። ልብ? የእኛ ልብ የበቅሎ ልብ ነው! ልጅሽ ይጫወት! ሐኪም ደም ከፈለገ እኔ መጥቼ እሰጣለሁ፣ ወይራው ይለቀም ብቻ።»

ቪቪያና ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው፤ ትከሻዋ ሁሉ ወረደ። እኔ ማጠቢያው ላይ ሳህን ይዤ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ደረጃውን ወጥቼ ክፍል ስድስት በር ላይ ቆሜያለሁ። ሁለት ጊዜም ተመልሻለሁ። አንዴ ፎጣ አንዴ ሳሙና ይዤ ነበር፤ ሁለቱንም በር ላይ አስቀምጬ ወረድኩ። ሐኪሞቹ ራሳቸው ይደርሱበታል፣ የፕሪሞ ደም አልገጥም ይላል፣ ሁሉም በራሱ ይስተካከላል እያልኩ ራሴን አባበልኩ።

እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አልቆ አርጂያና ፕሪሞ ተያይዘው መጡ፤ ቪቪያናን ለስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ ሊሸኙ። ኦሬስቴ ቡና ያፈላል። እኔ ቁልፏን ተቀብዬ መታወቂያዋን ልመልስላት መሳቢያውን ከፈትኩ። እስካሁን አልመለስኩትም ነበር። ገልብጬ ጨርሻለሁ፤ ግን ከእጄ አልወጣ አለኝ።

ስልኳ ጮኸ።

«ዳርዮ? ምነው? ... አይ፣ ሰኞ ሐኪሙን ሳናነጋግር...» ዝም ብላ አዳመጠች። «አሠልጣኙ ምን አለ? ... አባትህስ?» ወደ ፕሪሞ አየች። ፕሪሞ አውራ ጣቱን አነሣላት። «እሺ። እሺ በቃ፣ አታልቅስ። ዘር ላይ ምንም የለም፣ አረጋግጫለሁ። ተጫወት። ግን ሲደክምህ ውጣ፣ ሰማህ?»

ዘጋችው። «ጨዋታቸው አምስት ሰዓት ይጀምራል» አለችን። «አንድ ወር ሙሉ አስቀምጬው ሲያለቅስ ነበር፣ ምስኪን።»

ከበሩ በላይ ያለው ሰዓት ለአምስት ሩብ ጉዳይ ይላል።

«ይደውሉለት» አልኩ።

«ምን አሉኝ?»

«መልሰው ይደውሉለት። እንዳይጫወት።»

አርጂያ ሳቀች። «ደግሞ ምን ሆነች ይቺ? ኳስም ታውቂያለሽ?»

«እማማ፣ አንዴ ዝም በዪ!» ሠላሳ አምስት ዓመት ያላልኩትን ነው። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «ቪቪያና፣ ኢልዴ እናትሽ አይደለችም። አንቺን የወለድኩሽ እኔ ነኝ። ወንድሜ ኤቶሬ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እየሮጠ ሞተ። ልቡ ነው። አባቴ በአርባ አንድ። ሁለቱም ድንገት። ደውይ!»

ኦሬስቴ ጀርባውን እንደሰጠን ቀረ።

«ውሸቷን ነው» አለች አርጂያ። «ቀንታ ነው። ይቺ እንኳን ልጅ...»

«ደውይ ልጄ! ደውይ!» ባንኮኒውን ዞሬ ወጥቼ ክንዷን ያዝኩ።

ለአፍታ ፊቴን አየችው። ምን እንዳየች አላውቅም፤ ብቻ አመነችኝ። ደወለች። ልጁ አያነሣም። ልብስ መቀየሪያ ገብቷል። ባሏ ጋ ደወለች፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይቋረጣል። እንደገና። ጣቶቿ ስተው ሌላ ቁጥር ነኩ። ሰዓቱ ለአምስት ስድስት ደቂቃ ጉዳይ። ፕሪሞ ባርኔጣውን አውልቆ ይጨብጠው ጀመር። እኔ የቅዱሱን ሻማ፣ ዳገቱን፣ የወንድሜን ነጭ ሸሚዝ እያየሁ ነበር። በአምስተኛው ሙከራ ባሏ አነሣ፤ ከኋላው ፊሽካና ጩኸት ይሰማል።

«አስወጣው! ዳርዮን አስወጣው! ... አይደለም፣ አሁን! አጥሩን ዝለል፣ የፈለግኸውን አድርግ!»

ስልኩ ክፍት እንደሆነ ጠበቅን። የሰውዬው ሩጫ፣ ትንፋሹ፣ የሰው ስድብ ይሰማናል። ከአደባባዩ የቤተ ክርስቲያኑ የአምስት ሰዓት ደወል ተሰማ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከስልኩ ውስጥ፣ የአንድ ልጅ የተናደደ ድምፅ መጣ። «ምንድነው አባ? ኳሱን እንኳ አልነካሁም እኮ!»

ቪቪያና መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ልቀመጥ ስል እጇን ዘርግታ ከለከለችኝ።

«አርብ ዕለት መታወቂያዬን ስታነቢ አውቀሻል።»

«አዎ።»

«ሁለት ቀን ሙሉ አውቀሻል።»

«አዎ።»

«ከሁለት ዓመት በፊትስ? አልፈልግም ያልሽው?»

«እኔ ነኝ የፈረምኩት።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስብኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥታ ሻንጣዋን ያዘች። «ሐኪሞቹ የስም ወሬ አይበቃቸውም» አለች በደረቁ። «ሰው ይፈልጋሉ። ደም ይፈልጋሉ። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ቀጠሮ አለን።»

«እመጣለሁ» አልኩ፤ ሽርጤን እየፈታሁ ነበር።

ፕሪሞ ባርኔጣውን ይዞ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ «ጣሳውን ትውሰደው» አለ። «ዘይቱ የሷ ነው።» ያን ቀን ከሆነው ሁሉ የእሱን ነገር ሳስብ ነው እንባዬ የሚመጣው። አርጂያ ስትደነግጥ በክንዷ ጠርጋ የበተነችውን ካርታ ከወለሉ መልቀም አልቻለችም፤ ማንም አልለቀመላትም።

ታችኛው በር ድረስ ቦርሳዬን የተሸከመልኝ ኦሬስቴ ነው። ቪቪያና ቀድማን ትሄዳለች። መንገዱ ሲጋመስ ቦርሳውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ።

«ሠላሳ አምስት ዓመት» አለ። «እናቴ እንዲያ ስትልሽ ዝም አልሽ። ለእኔ ብለሽ ነው?»

«ግማሹን ላንተ። ግማሹን ለራሴ።»

አሰበበት። «እኔ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር» አለ። «ጥንት ነው። ነግረውኛል። እኔም ዝም ብዬ አሰደብኩሽ።» አውቶቡሱ ውስጥ ቦርሳዬን ከፍ አድርጎ ሰቀለልኝና ወረደ። በመስኮቱ ሳየው አንገቱ እስከ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ልናደድበት ፈልጌ አቃተኝ፤ በኋላ ግን ተናድጄበታለሁ፣ በደንብ አድርጌ።

ቪቪያና ሁለት ሰዓት ሙሉ ወደ ውጭ እያየች ሄደች። ከፊቷ ካለው ወንበር ተቀምጬ ጀርባዬን ሰጠኋት፤ ማየት ካልፈለገች እንዳታየኝ ብዬ ነው። ያን ሌሊት እነሱ ከተማ፣ አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል አደርኩ። የትውልድ ቦታዬን ማንም አላነበበልኝም።

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉ ውስጥ፣ የመመዝገቢያው መስኮት ፊት ቆምን። ልጁ ከእኔ በአንድ ራስ ይረዝማል፤ ተኮሳትሮ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። የኤቶሬ ቅንድብ ነው ያለው። አላየኝም፤ እኔ ግን ዓይኔን ልነቅል አልቻልኩም። ጸሐፊዋ መታወቂያዬን ተቀብላ መገልበጥ ጀመረች። ጣቶቿ ሲሠሩ አየሁ፤ ስም፣ ቦታ፣ ቀን። ሥራውን አውቀዋለሁ።

«ለታካሚው ምኑ ነዎት?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

አፌን ከፈትኩ። እንዲያ ሰላም የማትሰጠኝ አፌ፣ ያን ጊዜ አንድ ቃል አልወጣት አለ። ምን የማለት መብት አለኝ? ዘመድ ልበል? ደም ሰጪ ልበል?

«አያቱ ናት» አለች ቪቪያና ከኋላዬ።

ጸሐፊዋ ጻፈችና መታወቂያዬን መለሰችልኝ።